ከመነኩሴው አፍንጫ ማዶ

መረሪድ ያን ቅዳሜ ከቤት መውጣት አልፈለገችም ነበር። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ጣራ ሲያንቀጠቅጥ የከረመው አውሎ ነፋስ ንጋት ላይ ጸጥ ብሎ፣ የጥር ሰማይ እንደታጠበ ሳህን ጠርቷል። እሷ ግን ሻንጣዋን አልጋው ላይ ከፍታ ልብስ ታጥፋለች፤ ያጠፈችውን መልሳ ትፈታለች። ሰኞ ወደ ሊቨርፑል ትመለሳለች። በየካቲት ደግሞ ኒውዚላንድ ሄዳ ልታስተምር መርከብ ትሳፈራለች። የፈረመችበት ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ነው። የቀረው ፖስታ ሳጥን ውስጥ መክተት ብቻ ነበር።

"ሻንጣ ነገም ይታሰራል" አለች አክስቷ ሎውሪ በሩን ሳታንኳኳ ገብታ። "ውሃው እንደዛሬ ርቆ የሚሸሽበት ቀን ግን በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። ተነሺ፣ የመነኩሴውን አፍንጫ በእግራችን እንዞራለን።"

የመነኩሴው አፍንጫ የሚሉት ከመንደራቸው ከፖርት ሄሊግ በስተምዕራብ ባሕር ውስጥ ዘልቆ የገባውን ጥቁር ገደል ነው። ባሕሩ ዘወትር ግርጌውን ስለሚመታው፣ ማዶውን ከጀልባ ላይ ካልሆነ ያየው ሰው ጥቂት ነው።

"ውሃው መቼ እንደሚመለስ አንቺ ታውቂያለሽ?" አለቻት መረሪድ።

"የሚያውቅ ሰው ጠርቻለሁ።"

"ማንን?"

"ጓንትሽን እንዳትረሺ" አለች ሎውሪና ወጣች። ሠላሳ ዓመት የመንደሩን ፖስታ ቤት የያዘች ሴት ናት። ምን ተነግሮ ምን እንደሚታለፍ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

መረሪድ ኮቷን ደርባ ስትወጣ፣ ከአጥሩ ውጭ እጁን ሰማያዊ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከቶ የቆመውን ሰው አየችና እግሯ ደረጃው ላይ ቀረ። ኢድዋል ነበር። ካየችው ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። ትከሻው ሰፍቷል፤ ጨውና ንፋስ ከዓይኑ ሥር ቀጫጭን መስመር አስምረውበታል። ሲያያት ኮፍያውን አወለቀ።

"እንኳን ደህና መጡ" አላት።

"መጡ" አላት። አንድ በጋ ሙሉ ከጀልባው ጫፍ ላይ አስቀምጦ "አንቺ"፣ ሲብስበትም "አንቺ እብድ" ሲላት የከረመ ሰው፣ ዛሬ እንደ ሹም ሚስት "መጡ" አላት። ሰድቧት ቢሆን ይሻላት ነበር።

"እንኳን ደህና ቆዩ" ብላ መለሰችለት እሷም፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

አባቷ ከኋላዋ ከዘራውን ይዞ ወጣ። መምህር ፓሪ ባለፈው በጋ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመንደሩ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበር፤ ዛሬም መንደሩ ሁሉ "መምህር" እያለ ነው የሚጠራው። ግራ ጉልበቱ ታሟል።

"በዚህ እግርህ?" አለችው ሎውሪ፣ ታናሹ ናትና አትፈራውም።

"አርባ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ገደል ተማሪ ሳስተምር ኖሬ ማዶውን ሳላየው ልሙት?" አለ። ኢድዋልን ግን ቀና ብሎ አላየውም። "ደህና አደርክ" ያለው ወደ መሬት እያየ ነው።

ኢድዋል ለሱም ኮፍያውን አወለቀ።

*

ነገሩ እንዲህ ነበር። መረሪድ የመምህርነት ትምህርቷን ጨርሳ ወደ መንደሯ በመጣችበት በጋ፣ የሸርጣን አጥማጁ ልጅ ኢድዋል በጀልባው ያዞራት ጀመር። መጀመሪያ ወፍ ለማየት ነው ተባለ። ኋላ ወፉም ተረሳ። መንደሩ አጉተመተመ፤ የርእሰ መምህር ልጅ ከወደብ ልጅ ጋር ምን አላት ተባለ። እሷ ጆሮ አልሰጠችም። በመስከረም ሊቨርፑል ሥራ አግኝታ ስትሄድ፣ "ትጽፍልኛለህ?" ብትለው፣ "እኔ ለጽሑፍ አልሆንም፤ አንቺ ጻፊልኝ" አላት። ደብዳቤውም ፖስታ ቤት ይቆይልኝ፣ እኔው እወስደዋለሁ አለ።

ጻፈች። እስከ ገና አስራ አንድ ደብዳቤ ጻፈችለት። ሁሉም ደርሰው፣ ሁሉንም በእጁ ተቀብሎ መውሰዱን ከአክስቷ ሰምታለች። አንድ መስመር እንኳ አልመለሰላትም። የመጨረሻው ደብዳቤ ከተላከ በኋላ ገናን ልታሳልፍ ቤቷ መጥታ፣ ማዕድ ላይ እንባዋ አምልጧት አባቷ እንዲህ አላት፦ "ልጄ፣ ዝምታም መልስ ነው።" ገና ባለፈ በሦስተኛው ቀን ወደ ሊቨርፑል ተመለሰች፤ እስከዚህ ገና ድረስም ፖርት ሄሊግን አልረገጠችም። ዘንድሮ የመጣችው ልትሰናበት ነው። ከመጣች አስር ቀኗ ነው፤ ወደ ወደቡ ግን አንድም ቀን አልወረደችም።

*

ባሕሩ ከዳር ተጠቅልሎ ሄዷል። ከሥሩ ማንም ያላየው አገር ወጥቷል፤ ቀይና ቡናማ አረም እንደ ራሰ ጸጉር የተኛበት ድንጋይ፣ ስስ በረዶ የጋገረበት ኩሬ፣ ከኩሬው ሥር በችኮላ የሚሸሽ ሸርጣን። ትንፋሻቸው ይጨሳል። መምህር ፓሪ በየጥቂት እርምጃው ጎንበስ እያለ ዛጎል ያነሳል፤ የላቲን ስሙን ጠርቶ መልሶ ያስቀምጠዋል።

"ወንድሜ የያንዳንዱን ቀንድ አውጣ ስምና የአያት ስም ያውቃል" አለች ሎውሪ። "የጎረቤቶቹን ልጆች ግን ያደባልቃል።"

ኢድዋል ከፊት ነው። "አረንጓዴውን እንዳይረግጡ፤ ያንሸራትታል። ጥቁሩ ይይዛል" ይላል ዞር ሳይል። መረሪድ እሱ የረገጠበትን እየረገጠች ተከተለችው። ሳትወድ እጁን አየች፤ አውራ ጣቱ ላይ አዲስ ጠባሳ አለ። ማን አሰረለት ይሆን? ምን አገባኝ ብላ ዓይኗን ወደ ባሕሩ መለሰች። ያኔ እየተመለከታት እንደሆነ አወቀች፤ ዘወር ስትል ግን እሱ አድማሱን ያያል። እንዲህ ሲተያዩና ሲሸሻሹ ገደሉን ዞሩት።

ከማዶ ያለው ጠባብ ዳርቻ ብርቱካናማ ሆኖ ነበር።

ሎውሪ ሳቀች። አሸዋው ላይ፣ አረሙ ውስጥ፣ ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ፣ በመቶ የሚቆጠር ብርቱካን ተበትኗል። አውሎ ነፋሱ ከአንድ መርከብ ጀርባ ጠርጎ ያመጣው መሆን አለበት፤ የተሰባበሩ የእንጨት ሳጥኖችም እዚህም እዚያም ወድቀዋል።

"እግዜር ይስጥልን" አለች ሎውሪ ቦርሳዋን እየከፈተች። አንዱን ልጣ ቀመሰች። "ጨው ጨው ይላል እንጂ ብርቱካን ነው። ኢድዋል፣ እስቲ ያችን ሳንቃ አንሳልኝ። ከየት አገር ነው የመጣልን? መነጽሬን ቤት ትቻለሁ።"

ኢድዋል የሳጥኑን ስባሪ አንስቶ ጥቂት አየው። "ጨው በልቶታል፣ እትዬ ሎውሪ፤ አይነበብም" አለና መልሶ ጣለው።

መምህር ፓሪ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ሳንቃውንም አየ፣ ኢድዋልንም አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

ሁለቱ አዛውንት ከንፋስ የሚከልል ድንጋይ ፈልገው ፔርሙዝ ከፈቱ። መረሪድ ብቻዋን በዳርቻው ስትሄድ ያንን ሳንቃ በእግሯ ገለበጠችው። "ቫሌንሲያ" ይላል፤ ጣት በሚያህል ጥቁር ፊደል፣ ትናንት የተጻፈ ይመስል ጥርት ብሎ። አንስታው ቆመች። በአክስቷ እየቀለደ ነበር? ኢድዋል እንዲህ ያለ ቀልድ አያውቅም። ታዲያ ለምን...

ምክንያቱን ሳታውቅ ፈራች።

*

ሳንቃውን እንደያዘች ኢድዋልን ከውሃው ጠርዝ አገኘችው። የአንዲት የተጎዳች ጥቁር ወፍ ክንፍ ከአረም እያላቀቀ ነበር። መረሪድ ወፏ ተንገዳግዳ ወደ ውሃው እስክትገባ ጠበቀች።

"አስራ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩልህ" አለችው። "እርስዎ" ማለቱ በዚህ አበቃ።

"ደርሰውኛል።"

"ደርሰውኛል ብቻ?"

ኢድዋል ወፏ የሄደችበትን ውሃ ተመለከተ።

"ሰው ለማያውቀው ሰው እንኳ ሁለት መስመር ይጽፋል። አልወድሽም ማለት ስንት ፊደል ነው? ሊቨርፑል ላይ በየማለዳው ፖስተኛውን መስኮት ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ የቤቱ ባለቤት እንኳ አዝናልኝ 'ዛሬም የለም፣ የኔ ልጅ' ትለኝ ነበር። ምን አጠፋሁ? እሱን ብቻ ንገረኝና ልሂድ።"

"ምንም አላጠፋሽም።"

"ታዲያ?"

እጁን በጃኬቱ ላይ ጠረገ፤ ደርቆ ነበር፣ ግን ጠረገው። መረሪድ ሳንቃውን ወደ ፊቱ አነሳችው። ለምን እንዳነሳችው እሷም አታውቅም፤ እጇ ከልቧ ቀድሞ ነበር።

"ኢድዋል፣ እዚህ ላይ ምን ይላል?"

ሳንቃውን አየው። ከዚያ ባሕሩን። "ጨው..."

"ጨው አልበላውም።"

አንድ ማዕበል መጥቶ ተመለሰ። ሌላም መጣ።

"አላውቅም" አለ በመጨረሻ። "ማንበብ አልችልም፣ መረሪድ። ፊደሎቹ አይቆሙልኝም። ውሃ ውስጥ እንዳሉ ትንንሽ ዓሦች ናቸው፤ አንዱን ያዝኩ ስል ሌላው ያመልጠኛል።"

የዚያ በጋ ነገር ሁሉ ባንዴ መጣባት። ሻይ ቤት ሲገቡ ዝርዝሩን ሳያይ "አንቺ ያዘዝሽውን" ማለቱ። ጸሎት ቤት የመዝሙሩን ስንኝ ሁሉ በቃሉ እየዘመረ፣ መጽሐፉን ግን ሁልጊዜ ከሰው በኋላ መግለጡ። "እኔ ለጽሑፍ አልሆንም" ማለቱ። እሷ ዓይን አፋርነት መስሏት ነበር።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"የመምህር ልጅ ነሻ።"

"ሰው አያነብልህም ነበር?"

"ማን ያንብብልኝ?" አለ። "እናቴ? አንቺ ለኔ ያልሽውን ከእናቴ አፍ ልስማው? ወይስ ፓስተሩ መነጽሩን አስተካክሎ ጉሮሮውን ጠርጎ ያንብብልኝ? ወይስ እትዬ ሎውሪ በፖስታ ቤቱ መስኮት፣ ሰው ከኋላዬ ተሰልፎ?"

መረሪድ ሳቅ አመለጣት። ሳቁ ግን መንገድ ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠባት፤ በጓንቷ አፏን ያዘች።

ኢድዋል ከደረት ኪሱ በሰም ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። "እትዬ ሎውሪ እንደምትመጪ ስትነግረኝ ልመልስልሽ ነበር ያመጣኋቸው። ሩቅ አገር ልትሄጂ ነው አሉ። ያንቺን ነገር ይዤ መቅረት የለብኝም ብዬ።" ፈታው። አስራ አንዱም ነበሩ። ፖስታዎቹ በቢላዋ በጥንቃቄ ተከፍተዋል፤ ወረቀቶቹ ከመታጠፍና ከመዘርጋት ብዛት እጥፋታቸው ላይ እንደ ጨርቅ ሳስተዋል።

"ስሜን አውቀዋለሁ" አለ። "ሁሉም በስሜ ይጀምራሉ። አስራ አንድ ጊዜ ስሜን አንብቤያለሁ። ሌላውን በክብደቱ ነው የማውቀው። ሦስተኛው ወፍራም ነው፤ ያኔ ደስ ብሎሽ ነበር መሰለኝ፣ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል። የመጨረሻው አንዲት ቅጠል ናት። ሰው ሆዱ ሙሉ ሆኖ አንዲት ቅጠል አይጽፍም። ክፉ ነገር እንዳለባት ከቅጥነቷ አወቅሁ።"

እጇን ዘርግታ ልትነካው ቃጣት፤ ግን ሌላ ጥያቄ ቀደማት። "ስምንት ዓመት ተምረሃል። ስምንት ዓመት ማን ነው ያስተማረህ?"

ዓይኑ በትከሻዋ ላይ አልፎ ድንጋዩ ሥር ወደተቀመጡት ሁለት አዛውንት ሄደ። ወዲያው መለሰው፤ እሷ ግን አይታለች።

"አትቆጪው" አለ። "አርባ ሦስት ልጆች ነበርን። ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠኝ፤ ከሰል እጨምር ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ተወኝ እንጂ አልመታኝም።"

"መተው ከመምታት ይሻላል?"

ኢድዋል አሰበበት። "እየተመታ የተማረው ጓደኛዬ ማንበብ ይችላል" አለ።

*

መረሪድ አሸዋውን አቋርጣ ስትመጣ ሎውሪ አይታ ብርቱካን መላጧን አቆመች።

"አባዬ፣ ያውቁ ነበር?"

ምኑን ብሎ አልጠየቃትም። የሻይ ስኒውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ፤ ዘመመ፣ እንደገና አቃናው።

"አውቅ ነበር።"

"ያን ገና ማዕድ ላይ እያለቀስኩ፣ ዝምታም መልስ ነው አሉኝ።"

"ብዬሻለሁ።"

"ለምን?"

ሽማግሌው ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። በክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲጠይቅ እንጂ ሲጠየቅ አይታው አታውቅም። ፊቱ ድንገት ያረጀ መሰላት።

"ማንበብ አይችልም ብልሽ" አለ፣ "ማን አስተማረው ትይኝ ነበር።"

ንፋሱ የብርቱካኑን ልጣጭ አንከባለለው።

"ድሃ ነው ብዬ የጠላሁት እንዳይመስልሽ" ቀጠለ። "መንገድ ላይ ባገኘሁት ቁጥር ኮፍያውን ያወልቅልኛል። ባወለቀ ቁጥር ያ ልጅ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ይታየኛል። ሠላሳ ጊዜ ላስተምረው አስቤያለሁ፤ ነገ ነገ አልኩ። ከዚያ አደገ። ቤቴ ገብቶ፣ ማዕዴ ላይ ተቀምጦ፣ ዕድሜ ልኬን እንዲያየኝ አልፈለግሁም። እውነቱ ይኸው ነው። ያማረ አይደለም።"

"እኔም አለሁበት" አለች ሎውሪ ቀስ ብላ። "በየሐሙሱ ሲመጣ ጢሙን ተላጭቶ ነበር። ደብዳቤ የማይፈልግ ሰው ጢሙን አይላጭም። አየሁ፣ ግን የሰው ደብዳቤ የሰው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ የጠራሁት ለዚያ ነው። ረፈደ መሰለኝ።"

መረሪድ የምትጮህ መስሏት ነበር። አፏን ስትከፍት የወጣው ድምፅ ግን የሕፃን ያህል ትንሽ ነበር። "ሁለት ዓመት፣ አባዬ" አለች። "ሁለት ዓመት ሙሉ ራሴን ጠላሁ።"

አባቷ ከዘራውን ተደግፎ ሊነሳ ሞከረና መልሶ ተቀመጠ። ልትይዘው አልፈለገችም፣ እያየች መተውም አልቻለችም። ቁጣዋ ውስጥ አዘኔታ ገባባት።

*

"ውሃው ዞሯል" አለ ኢድዋል እየሮጠ መጥቶ። "ቆይተናል። አሁኑኑ እንሂድ።"

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ከዳርቻው ሲታይ ባሕሩ የተንቀሳቀሰ አይመስልም ነበር። የመነኩሴው አፍንጫ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ግን በደረቅ የተሻገሩበት ቦታ እስከ ጭን በሚደርስ አረንጓዴ ውሃ ተሞልቷል። ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ለጤነኛ እግር ምንም አይደለም።

ኢድዋል ሎውሪንና መረሪድን እጅ ለእጅ አያያዛቸው፤ የቱን ድንጋይ እየተደገፉ እንደሚሄዱ አሳያቸው። ከዚያ መምህር ፓሪ ፊት ጀርባውን ሰጥቶ ተንበረከከ።

"ይውጡ።"

"በከዘራዬ እሻገራለሁ" አለ ሽማግሌው።

"መምህር፣ ለክርክር ጊዜ የለንም። ይውጡ።"

በሕይወቱ ለመምህር ፓሪ ትእዛዝ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ሽማግሌው ከዘራውን ለእህቱ ሰጥቶ እጁን በኢድዋል አንገት ዙሪያ አደረገ።

ውሃው እንደ ቢላዋ ነበር። መረሪድ ጥርሷን ነክሳ ከፊት እየሄደች ከኋላዋ የኢድዋልን ከባድ ትንፋሽ ትሰማለች። መሐል ላይ አንድ ማዕበል መጥቶ እስከ ወገባቸው ደረሰ፤ ኢድዋል ቆመ፣ እስኪያልፍ ጠበቀ።

"ኢድዋል" አለ አባቷ፣ ከጀርባው ላይ ሆኖ።

"አቤት።"

"በድዬሃለሁ።"

ሁለት እርምጃ፣ ሦስት እርምጃ ሄደ።

"ጠበቅ አድርገው ይያዙኝ፣ መምህር" አለ ኢድዋል። "ካጋደሉ ሁለታችንም ነን የምንጠጣው።"

ወዲያ ማዶ አሸዋው ላይ ሲያወርደው ሽማግሌው የጃኬቱን እጅጌ አልለቀቀም። "ዛሬም ቢሆን ላስተምርህ እችላለሁ" አለው። "ብትፈቅድልኝ። በየቀኑ ሥራ ፈትቼ ነው የምቀመጠው።"

ኢድዋል ጎንበስ ብሎ የራሰ ሱሪውን ጨመቀ፤ ለመልሱ ጊዜ ፈልጎ ይመስላል። "እንኳን ይቅርታ ጠየቁኝ" አለ። "ቂም የለኝም። ግን እዚያ ወንበር ላይ ተመልሼ መቀመጥ አልችልም፣ መምህር። እርስዎ ፊት አይሆንልኝም።"

መምህር ፓሪ ራሱን ነቀነቀ፤ እጅጌውን ለቀቀ። ሎውሪ ክንዱን ይዛ፣ "ና፣ እግርህን እናሙቀው" እያለች ወደ ቤት መራችው። መረሪድ አባቷ አንዴም ዘወር ሳይል፣ በእህቱ ተደግፎ ዳገቱን ሲወጣ አየች፤ ስለ ሁለቱም ወንዶች በአንድ ጊዜ ልቧ ተሰበረ።

*

የኢድዋል የመረብ ማስቀመጫ ቤት ወደቡ ላይ ነው። ምድጃውን አቀጣጠለ፤ ወፍራም ሹራብ ሰጣትና እሷ ስትለብስ ደጅ ቆሞ ጠበቀ። በሩን ለብርሃኑ ሲሉ ክፍት ተዉት። የሰም ጨርቁን በሁለቱ መካከል ባለው ሳጥን ላይ አኖረው።

"ልታነቢልኝ ትችያለሽ?" አላት። "ቀጭኗን አስቀድሚ። ክፉውን መጀመሪያ ልስማው።"

"ይቅር ኢድዋል። ያለፈ ነገር ነው።"

"ለኔ አላለፈም። ገና አልሰማሁትም።"

ወረቀቷን ገለጠች። የገዛ ጽሕፈቷ የሌላ ሰው መሰላት። አነበበች።

"ኢድዋል፣ ከገና ሦስት ቀን በፊት በአራት ሰዓቱ ባቡር እመጣለሁ። ጣቢያው ላይ ቆመህ ካገኘሁህ ሊቨርፑልን ትቼ እቀራለሁ፤ የሚባለው ይባል። ከሌለህ መልስህ ገብቶኛል፤ ዳግም አላስቸግርህም። መረሪድ።"

ምድጃው ውስጥ እንጨት ተሰነጠቀ። ኢድዋል አልተንቀሳቀሰም።

"እዚሁ ነበርኩ" አለ። "እዚህ ወንበር ላይ ወጥመድ እየጠገንኩ። የባቡሩ ፊሽካ እስከዚህ ይሰማል። ሰማሁት። በዚህ መጥታ ይሆን ብዬ እጄን አቆምኩ። ከዚያ ቀጠልኩ።" ቀጭኗን ወረቀት በጣቱ ነካት። "በማግሥቱ መምጣትሽን ሰምቼ እስከ በራችሁ መጥቼ ነበር። ስለ ደብዳቤዎቹ ብትጠይቂኝ ምን እላለሁ ብዬ ተመለስኩ። ጣቢያው እኮ በእግር አንድ ሰዓት ነው፣ መረሪድ። አንድ ሰዓት። በባዶ እግሬም እሮጠው ነበር።"

አለቀሰ፤ ማልቀስ እንዳልለመደ ሰው፣ ፊቱን ሳይሸፍን። መረሪድ ሳጥኑን ዞራ መጣች፤ ጨው የጠጣ ጸጉሩን ደረቷ ላይ ያዘችው። ስንት ጊዜ በቁጣ ልትናገረው ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። እጇ ብቻ ጸጉሩን ይደባብሳል።

"ሰኞ ለኒውዚላንዱ ትምህርት ቤት እጽፋለሁ" አለች። "እንደማልመጣ።"

ቀና አለ። "ለኔ አዝነሽ ከሆነ ሂጂ። እውነቴን ነው። እዘኚልኝ ብዬ አይደለም የነገርኩሽ።"

"አዝኜ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልናደድም ነበር። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ተናድጄብሃለሁ፤ በሌላ ሰው እንዲህ መናደድ አልቻልኩም፣ ሞክሬ ነበር።"

ፈገግታ ሊመጣበት ሲል አፈረ።

"እኔስ?" አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እኔም መምህር ነኝ። ከኔ ፊት ትቀመጣለህ?"

"ከፊትሽ አልቀመጥም" አለ። "ከጎንሽ እቀመጣለሁ።"

መረሪድ ወንበሯን አንስታ ከጎኑ አደረገችው። ትከሻቸው ተነካካ። አንደኛውን ደብዳቤ ከፈተች፤ ስሙ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ እሱ ራሱ እንዲለው። አለው። ከዚያ እሷ ቀጠለች። ሊቨርፑል እንደገባች ስላደረችባት ክፍል፣ ስለማይታዘዟት ተማሪዎቿ፣ በትራም ውስጥ የዓሣ ሽታ ሸቷት ስላለቀሰችበት ማለዳ። ሦስተኛው ላይ፣ መስመሩ ወደ ላይ በሚወጣው ላይ፣ "እወድሃለሁ" የሚለው ቃል አምስት ጊዜ ነበረበት። አንዱንም ሳታልፍ አነበበችው፤ በአምስተኛው ላይ እጁ እጇን ያዘ።

ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን የጥር ብርሃን ከባሕሩ ላይ ሸሸ። ስምንተኛውን ጨርሳ ዘጠነኛውን ስታነሳ ፊደሉ ጠፋባት፤ ወረቀቱን ወደ በሩ ዘረጋችው፣ ዓይኗን አጠበበች።

"አሁን እኔም ማንበብ አልቻልኩም" አለች። "ፋኖስ አለህ?"

"አለኝ" አለ ኢድዋል፤ ግን አልተነሳም። ወረቀቱን ከእጇ ቀስ ብሎ ወስዶ አጠፈው። "ሁለቱ ይቆዩ። ነገ ተመልሰሽ የምትመጪበት ምክንያት ይሁኑኝ።"

"ያለ ምክንያትም እመጣለሁ።"

መልስ ሊሰጣት ፈለገ፤ ቃል አልመጣለትም። መረሪድም አልጠበቀችም። የዚህን ሰው ዝምታ እንደ ጥል ቆጥራ ስትሸሸው ኖራለች። አሁን ከጎኑ ተቀምጣ፣ ትንፋሹን እየሰማች፣ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች።